ምራቂውን አሳዩኝ

የዊዛርድስ፣ የዋሽንግተኑ የኤንቢኤ ቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ደጋፊ ስለ ጨዋታ ብዙ የሚያወራው የለውም። ተሸነፉ፣ በቃ። ትናንትም ተሸንፈው ነበር። ስለዚህ በእኛ ፓርኪንግ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚወራው ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ከማን ጋር ቢገጥም የሚለው ነው።

እኛ ስል ሦስት ሰዎች ነን። ከሁላችን ቀድመው እዚህ የገቡት ጋሼ፣ ኮሌጅ እየተማረ ቅዳሜና እሑድ የሚሠራው ልጅ፣ እና ካሸሯ እኔ። ጋራዡ ዲሲ፣ ቻይናታውን አካባቢ ነው። አሬናው ቅርባችን ነው። ጨዋታ ያለ ማታ መኪናው ይግተለተላል፣ ዋጋው ይጨምራል። ሰዉ አራተኛው ሩብ ሳይጀመር መውጣት ከጀመረ ውጤቱን ለማወቅ ስልክ ማየት አያስፈልገኝም።

ጋሼ ልባቸው የቆሰለው በ2016 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የስፖርት ነገር በእኛ ሲሆን ይምታታብኛል።) ኮከቡ ተጫዋች ኬቨን ዱራንት የዚህ አካባቢ ልጅ ነው። ዲሲ ተወለደ፣ እዚሁ አጠገባችን ሜሪላንድ፣ ሲት ፕሌዛንት አደገ። ኦክላሆማ ያለው ውል ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመጣል ተብሎ ከተማው ሁሉ ሲጠብቀው ነበር። ጋሼም ማልያ ሊገዙ ገንዘብ አስቀምጠው ነበር። ሰውየው ግን ዋሽንግተንን ለማነጋገር እንኳ ቀጠሮ አልሰጠም። ጁላይ 4፣ አገሩ ርችት በሚተኩስበት ቀን፣ ወርየርስ እገባለሁ አለ። በዚያ ዓመት 73 ጨዋታ ያሸነፈውን ቡድን ማለት ነው። ከአንድ ወር ምናምን በፊት ደግሞ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 ሲመራ የነበረውን የእሱን ኦክላሆማ ያሰናበተው ያው ወርየርስ ነው።

ጋሼ ከዚያ ወዲህ ስሙን አይጠሩም። "ያ ባንዳ ትናንት ስንት አገባ?" ነው የሚሉት። መጠየቁን ግን አይተዉም።

ልጁ እዚህ ላይ አይለቃቸውም። "ጋሼ፣ እርስዎስ የተሻለ ነገር ፍለጋ አይደል አገርዎን ትተው የመጡት?"

"እኔ የመጣሁት የደበደበኝ ሰው ቤት ልገባ ነው እንዴ?" አሉት አንድ ቀን። ልጁ ዝም አለ። እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

እውነት ለመናገር ማን ከዳ፣ ማን አልከዳ የሚለው ክርክር ቶሎ ይሰለቸኛል። ዱራንት ወርየርስ ሊገባ የቻለው ስለፈለገ ብቻ አይደለም። አዲሱ የቴሌቪዥን ውል ገንዘብ ሲገባ የቡድኖቹ የደመወዝ ጣሪያ ከ70 ሚሊዮን ዶላር ወደ 94 ሚሊዮን ገደማ በአንዴ ዘለለ። የወርየርሱ ስቴፍ ከሪ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን በሚታመምበት ዘመን የፈረመው ርካሽ ውል ገና አላለቀም። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በየዓመቱ አይገኝም። ቀዳዳውን አይተው ገቡበት። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው "አንቺ ደግሞ የሒሳብ ሹም ሆነሽ ቀረሽ" ይሉኛል።

የከዋክብት መሰባሰብን ማን ጀመረው የሚለውም ማለቂያ የለውም። ጋሼ ሌብሮን ነው ይላሉ፣ በ2010 በቴሌቪዥን ቀርቦ ወደ ማያሚ እሄዳለሁ ያለ ዕለት። ልጁ የሌብሮን ነገር አይሆንለትም፣ ከዚያ በፊት በ2007 ቦስተን ነው ይላል። እኔ በ2003 ካርል ማሎንንና ጌሪ ፔይተንን ሻክና ኮቢ ላይ የደረበውን ሌከርስ አነሳለሁ። ያ ቡድን በ2004 ፍጻሜው ላይ በዲትሮይት 4 ለ 1 ሲደቆስ ዲትሮይት ውስጥ እንደነሱ የሚጠራ ስም አልነበረም። ከዚያ ሁላችንም እንጮሃለን፣ ደንበኛ ይመጣል፣ ዝም እንላለን።

እኔ የምለው ሌላ ነው።

እግር ኳስ ብቻ ለምታዩ ላስረዳ። እዚህ ክለብ ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋች አይገዛም። ልውውጡ ሰው በሰው ነው፣ ደመወዛቸውም መቀራረብ አለበት። ትልቅ ስም የፈለገ ሌላ ስም ይሰጣል። ካልበቃ ገና ያልበሰለ ወጣት ይጨምራል። አሁንም ካልበቃ የድራፍት ተራውን ይሰጣል፣ ማለትም ከሦስት ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመርጠውን፣ ማን እንደሆነ ማንም የማያውቀውን ልጅ። ገበያ ላይ ሻጯ ቲማቲሙን መዝና ስታበቃ ሁለት ፍሬ ቃሪያ እንደምትመርቀው ነው። ሰው ሁሉ ስለ ቲማቲሙ ይከራከራል። እኔ ዓይኔ ቃሪያው ላይ ነው።

በ2019 ክሊፐርስ ካዋይ ሌናርድን አስፈረመ፣ ያው ሰሞን ፖል ጆርጅን ከኦክላሆማ አመጣ። ሎስ አንጀለስ ዋንጫውን ያነሳች መሰለ። እዚህም ጋራዡ ውስጥ ያልተደነቀ አልነበረም። ለጆርጅ ምን ተከፈለ? ዳኒሎ ጋሊናሪ፣ አምስት የመጀመሪያ ዙር ተራ፣ ሁለት የተራ መቀያየር መብት (የሁለቱን ቡድን ተራ አይቶ የሚሻለውን መውሰድ)፣ እና ሻይ ጊልጀስ አሌክሳንደር የሚባል፣ ሊጉ ውስጥ አንድ ዓመት ብቻ የተጫወተ ቀጭን ልጅ። ምራቂ ነበር በቃ። ከአምስቱ ተራዎች አንዱ ደግሞ በ2022 ጄለን ዊሊያምስ ሆኖ ወጣ። በ2025 ኦክላሆማ ዋንጫውን በላ። ሻይ የዓመቱ ኮከብም የፍጻሜው ኮከብም ተባለ፣ ዊሊያምስ በፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ 40 ነጥብ አገባ። ፖል ጆርጅ ያን ጊዜ ክሊፐርስ ውስጥ እንኳ የለም። በ2024 ከውሉ የመጨረሻ ዓመት ወጥቶ ፊላደልፊያ ገብቷል፣ ክሊፐርስም በምትኩ ያገኘው ነገር የለም።

ብሩክሊን ኔትስ ደግሞ የባሰ ነው። በ2013 ያረጁትን ኬቨን ጋርኔትንና ፖል ፒርስን ከቦስተን ለማምጣት የራሱን መጪ ዓመታት አስረከበ። እነዚያ ተራዎች ዞረው ጄይለን ብራውንና ጄሰን ቴተም ሆኑ። ቦስተን በ2024 ዋንጫ የወሰደው በእነሱ ነው። ኔትስ ከዚህ ተምሯል ስንል በ2021 ጄምስ ሃርደንን ከዱራንትና ከካይሪ ኧርቪንግ ጋር ለማሰለፍ እንደገና ተራዎቹን አራገፈ። ሦስቱ በመደበኛው ውድድር አብረው የተሰለፉት 16 ጨዋታ ነው። አሥራ ስድስት! ከዚያ ሃርደን ሄደ፣ ኧርቪንግ ሄደ፣ የጋሼ ባንዳም ሄደ።

ከሁሉም የምወደው ግን የጋሶሎቹ ነው፣ ምክንያቱም የእኛም እጅ አለበት። ማይክል ጆርዳን ዋሽንግተንን ሲመራ በ2001 አንደኛ አድርጎ የመረጠው ክዋሚ ብራውንን ነው። ክዋሚ ያሰቡትን አልሆነም፣ ወደ ሌከርስ ተላከ። በ2008 ሌከርስ ፓው ጋሶልን ከሜምፊስ ሲወስድ አገሩ ሁሉ "ለክዋሚ ብራውን? ይሄ እኮ ዝርፊያ ነው!" አለ። ሌከርስ በፓው ሁለት ዋንጫ በላ። ግን በዚያው ልውውጥ ውስጥ በድራፍት 48ኛ የተመረጠ፣ ስፔን የሚጫወት ወፍራም ልጅ ተጨምሮ ነበር። ማርክ ጋሶል፣ የፓው ታናሽ ወንድም። እሱም በ2013 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ሆነ። ታላቁን ሸጠው ታናሹን በምራቂ አገኙ፣ ያኔ ግን ስለ እሱ ያወራ ሰው አላስታውስም።

ልጁ ይሄን ስል ቦስተንን ይመዝብኛል። በ2007 ለጋርኔት አምስት ተጫዋችና ሁለት ተራ ለሚኒሶታ ሰጡ፣ በዓመቱ ዋንጫ በሉ፣ ሚኒሶታ ከዚያ ሁሉ ሰው ምን አገኘ? ልክ ነው፣ ብዙ አላገኘም። ምራቂ ሁሉ ወርቅ አይሆንም። ግን ቦስተን ራጆን ሮንዶን አልሰጠም። የሁለተኛ ዓመት ልጅ ነበር፣ ስሙ ገና አልወጣም፣ እጃቸው ላይ አቆዩት፣ ዋንጫውን ኳስ እያቀበለ ያበላቸው እሱ ነው። ጎበዝ ገዢ የትኛውን እንደማይመርቅ ያውቃል።

እኛስ? እኛ ምራቂ መቀበልም አንችልበት። ብራድሊ ቢል በ2022 የ251 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም ያለፈቃዱ የትም እንዳይላክ የሚል አንቀጽ አስገቡለት። በዓመቱ ሊልኩት ሲፈልጉ ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ ራሱ መረጠ፣ ፊኒክስ። ገዢው ሌላ ተወዳዳሪ እንደሌለበት ካወቀ ምን ብሎ ይጨምራል? ያን የሚያህል ኮከብ ሰጥተን አንድም ሙሉ የመጀመሪያ ዙር ተራ አላገኘንም። የሁለተኛ ዙር ተራና መቀያየር ነው የደረሰን። በልውውጡ የተላከልን ክሪስ ፖልም ስሙ መጣ እንጂ እሱ አልመጣም፣ ወዲያው ወደ ወርየርስ ተሸኘ። ጋሼ ያን ሳምንት ስለ ቅርጫት ኳስ ያነሳባቸውን ሰው ሁሉ ይቆጡ ነበር።

የሚያናድደው ሌላም አለ። ካልድዌል ፖፕን በ2022 ለዴንቨር ሰጠን፣ በ2023 ዴንቨር ዋንጫ በላ። ፖርዚንጊስን በ2023 ለቦስተን ሰጠን፣ በ2024 ቦስተን ዋንጫ በላ። ልጁ "ዋንጫ የፈለገ መጀመሪያ በእኛ በኩል ይለፍ" ይላል።

ፊኒክስ ግን አልተጠቀመም። ዱራንት፣ ዴቪን ቡከር፣ ቢል። በ2024 በፕሌይኦፉ (ለዋንጫ በሚደረገው ጥሎ ማለፍ) በመጀመሪያው ዙር ሚኒሶታ 4 ለ 0 ሸኛቸው። በዓመቱ ጭራሽ ፕሌይኦፍ አልገቡም። ሦስቱ ደመወዙን ጠቅልለው ስለበሉት አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ሕጉ ጠብቋል። ከደመወዝ ጣሪያው በላይ የተቀመጠውን ሁለተኛ ጣሪያ ያለፈ ቡድን የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ሰው ማምጣት አይችልም። ቦስተንን እዩት፣ ዋንጫ ባነሳ በዓመቱ ሆሊዴይንና ፖርዚንጊስን ለማራገፍ ተገደደ። ሦስት ኮከብ ሰብስቦ መኖር ከእንግዲህ ቀላል አይሆንም። እኔ አልከፋኝም። ጋሼም አልከፋቸውም፣ የእሳቸው ግን በሌላ ምክንያት ነው።

የዳላሱ ኮከብ የሉካ ዶንቺች ልውውጥ ወሬ በፌብሩዋሪ 2025 ሲወጣ የማታ ሺፍት ላይ ነበርኩ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አለፍ ብሎ። የስፖርት ጋዜጠኛው ሻምስ ቻራኒያ ነው የጻፈው። ብዙ ሰው አካውንቱ ተጠልፏል አለ። እኔም እንደዚያው አልኩ። ሉካ 25 ዓመቱ ነው፣ ባለፈው ዓመት ዳላስን ለፍጻሜ አድርሷል፣ እንዴት ይሸጣል? ግን እውነት ሆነ። ሌከርስ አንተኒ ዴቪስን ሰጥቶ ወሰደው። ሉካ ራሱ እንደማንኛችንም በድንገት ነው የሰማው። ዳላስ ቢቆይ 345 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል መፈረም ይችል ነበር፣ ያም አብሮ ቀረ።

በማግስቱ ጋሼ አዝነው ገቡ። ለተጫዋች ሲያዝኑ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። "ልጁን ሳያማክሩት?" አሉ። ልጁም ዕድሉን አላሳለፈም፣ "ጋሼ፣ ቡድን ሲሸጥ ግን ባንዳ አይባልም?" አላቸው። "ይባላል! ይሄኛው ይባላል!" አሉ። የዳላስ ደጋፊም እንደሳቸው ነው ያሰበው፣ ሥራ አስኪያጁ ኒኮ ሃሪሰን ይባረር እያለ አዳራሹ ውስጥ ወራት ሙሉ ጮኸ፣ በኖቬምበርም ተባረረ። ዳላስ በመሃል በዕጣ፣ 1.8 በመቶ በሆነ ዕድል፣ የድራፍቱን አንደኛ ተራ አግኝቶ ኩፐር ፍላግን መረጠ። እንዲህ ያለውን ዕድል ማንም አስቦ አያመጣውም፣ ለኒኮ ብልጠት አልቆጥርለትም።

ዴቪስን ትተን ምራቂውን ስናይ ግን ማክስ ክሪስቲ የሚባል ወጣትና የሌከርስ የ2029 የመጀመሪያ ዙር ተራ ነው። ሉካን ለሚያህል ሰው አንድ ተራ! እኔ የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን በእስኪርቢቶ ጽፌ የምቀመጥበት ቡዝ ውስጥ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ ሥር ለጠፍኩት። በ2029 የሚመረጠው ልጅ ዛሬ የሆነ ቦታ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ጋሼ አይተውት "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አሉኝ።

"ምራቂው ነው። በ2029 አብረን እናየዋለን።"

"እስከዚያማ ጡረታ እወጣለሁ።"

"ዊዛርድስ ዋንጫ ሳይበሉ ጡረታ የለም" አለ ልጁ።

የመጨረሻው ዋንጫ 1978 ነው፣ ቡሌትስ ይባሉ በነበረ ጊዜ። ጋሼ ትንሽ አሰቡ።

"እንግዲያው እዚሁ ፒ ሁለት ላይ ቅበሩኝ" አሉ፣ "አሳንሰሩ አጠገብ ሳይሆን ግን፣ እዚያ ውሃ ያንጠባጥባል።"