ያልመረጥሁት ንባብ

ለብዙ ዓመታት መጽሐፍ ቅዱስን የማነብበው እንደ ስሜቴ ነበር። ሲከፋኝ ወደ መዝሙረ ዳዊት፣ ደስ ሲለኝ ወደ ፊልጵስዩስ መልእክት፣ ግራ ሲገባኝ ደግሞ ወደ መጽሐፈ ምሳሌ እሄድ ነበር፤ ዘሌዋውያንንና ሕዝቅኤልን ግን በሩቁ ተሳልሜ ከማለፍ ውጭ ደጃቸውን አልረግጥም ነበር። በዚህ መንገድ የማውቀውን ደጋግሜ አወቅሁ እንጂ አዲስ ነገር ብዙ አልሰማሁም። በየሳምንቱ በሜቶዲስቶች (በእንግሊዝ በተጀመረው የፕሮቴስታንት ቤተ እምነት) አምልኮ የሚነበበውን ክፍል መከተል የጀመርሁት እምነቴ በደረቀበት ወቅት ነው። ቅንዓት አድሮብኝ አልነበረም፤ ምን እንደማነብብ ለመምረጥ እንኳ ጉልበት ስላጣሁ፣ ሌላ ሰው ቢመርጥልኝ ይሻላል ብዬ ነው።

ግጻዌን፣ ለየዕለቱ አምልኮ የሚነበበውን ክፍል የሚመድበውን መጽሐፍ፣ የሚያውቅ አንባቢ አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። በብዙ አገር የሚገኙ ሜቶዲስቶች ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር በጋራ የሚጠቀሙበት የንባብ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ሲሆን በ3 ዓመት አንድ ጊዜ ይዞራል። በመጀመሪያው ዓመት ማቴዎስ፣ በሁለተኛው ማርቆስ፣ በሦስተኛው ሉቃስ ይነበባል፤ ዮሐንስ የራሱ ዓመት ባይኖረውም በተለይ በዐቢይ ጾምና በትንሣኤ ሰሞን በሦስቱም ዓመታት ውስጥ ይገባል። ለእያንዳንዱ እሑድ አንድ የብሉይ ኪዳን ክፍል፣ አንድ መዝሙር፣ አንድ መልእክትና አንድ ወንጌል ተመድቧል። ሰባኪው ወይም የአምልኮው መሪ ከአራቱ ንባቦች ጭብጥ ያወጣል፤ መዝሙሩም ጸሎቱም ከዚያ ጋር እንዲስማማ ይደረጋል።

የእኔ ልማድ ቀላል ነው። ሰኞ ማታ አራቱን ንባቦች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብባለሁ፤ ሐሙስ ደግሞ ከጥቂት ሰዎች ጋር ተቀምጠን እንነጋገርባቸዋለን። ይህ የሐሙስ ስብሰባ ከሜቶዲስቶች አጀማመር የተወረሰ ነው፤ ታሪኩንም ስለምወደው ልጥቀሰው። እ.ኤ.አ. በ1742 በእንግሊዝ ከተማ በብሪስቶል የነበሩት የሜቶዲስቶች መሥራች የጆን ዌስሊ ተከታዮች ለመሰብሰቢያ ቤታቸው የገቡበትን ዕዳ ለመክፈል መላ ሲፈልጉ፣ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲያዋጣና አንድ ሰው አሥራ ሁለት ያህል ሰዎችን እየዞረ እንዲሰበስብ ተስማሙ። ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ግን ከሳንቲሙ በላይ የሰዎቹን ኑሮ አዩ፤ ጠቡን፣ ስካሩን፣ ሐዘኑን። ዌስሊም ለዓመታት ሲፈልገው የነበረውን ነገር ያገኘ መሰለው፤ የገንዘብ ማሰባሰቢያውም ነፍስን የመጠበቂያ መንገድ ሆነ። በ1743 የወጣው ደንባቸው መሪው እያንዳንዱን ሰው ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እያየ ነፍሱ እንዴት እንደ ሆነች እንዲጠይቅ ያዝዛል። በአማርኛችን ይህ ጥያቄ ከወትሮ ሰላምታችን ብዙም አይርቅም፤ «እንዴት ሰነበትህ?» ስንል በቃሉ ውስጥ ሰንበት አለ፤ ከሰንበት እስከ ሰንበት ያለውን ኑሮ መጠየቃችን ነው። ሐሙስ ማታ የምንጠያየቀውም ይህንኑ ነው፤ ነፍስህ እንዴት ሰነበተች?

አንዱን ሳምንት ቀረብ ብዬ ላሳይ። በሦስተኛው ዓመት፣ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባለው ረጅም ሰሞን፣ በጥቅምት ወር የሚውል አንድ እሑድ አለ። ከሁለት አማራጮች አንዱን ሲከተሉ የብሉይ ኪዳኑ ንባብ ዘፍጥረት 32 ላይ ያለው የያዕቆብ ትግል ነው፤ መዝሙሩ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሳሁ» የሚለው 121ኛው ነው፤ መልእክቱ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን በቅዱሳት መጻሕፍት ጸንቶ እንዲኖር የሚመክርበት ክፍል ነው፤ ወንጌሉ ደግሞ በሉቃስ 18 የምናገኛት ዳኛውን ያስጨነቀችው መበለት ናት። እኔ ብመርጥ እነዚህን አራቱን በአንድ ገበታ አላስቀምጣቸውም ነበር። ያዕቆብ ወንድሙን ያታለለ ሰው ነው፤ መበለቲቱ የተበደለች ናት፤ እርሱ በሌሊት በያቦቅ መሻገሪያ ይታገላል፣ እርስዋ በአደባባይ ትጮኻለች።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብብ ግን አንድ ነገር ዐይኔን ያዘው። ዳኛው ለመበለቲቱ ሊፈርድላት የወሰነው እግዚአብሔርን ፈርቶ ወይም ሰውን አፍሮ እንዳልሆነ ራሱ ይናገራል፤ እየተመላለሰች እንዳታስቸግረው ነው። በትርጉማችን ለስለስ ብሎ የቀረበው የግሪክኛ ግስ በቀጥታ ሲፈታ ከዐይን በታች መምታት፣ ፊትን ማበለዝ ማለት ነው፤ ቃሉ የቡጢ ግጥሚያ ቃል ነው። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 «ሥጋዬን እየጎሰምሁ» ሲል የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። እንግዲህ በዚያ እሑድ ሁለት ተፋላሚዎች ይገናኛሉ ማለት ነው፤ አንዱ «ካልባረክኸኝ አልለቅህም» ብሎ የሚታገል፣ ሌላዋ ደግሞ ዳኛው ፊቴን ታበልዘዋለች ብሎ የሚፈራት። በዚያን ጊዜ ስለ ጸሎት የነበረኝ ሥዕል የተጣጠፉ እጆችና የተዘጉ ዐይኖች ብቻ ነበር።

የጆን ወንድም ቻርልስ ዌስሊ በዚሁ በያዕቆብ ትግል ላይ እ.ኤ.አ. በ1742 የታተመ አሥራ አራት አንጓ ያለው መዝሙር ጽፏል። በመዝሙሩ ውስጥ ያዕቆብ የሚታገለውን ሰው ስሙን ደጋግሞ ይጠይቀዋል፤ በመጨረሻም ስምህ ፍቅር ነው ይለዋል። ቻርልስ በመጋቢት 1788 ካረፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽማግሌው ጆን ይህን መዝሙር ለጉባኤ ሲያነብብ፣ ባልንጀሮቼ ቀድመውኝ ሄዱ፣ እኔም ካንተ ጋር ብቻዬን ቀረሁ ከሚለው አሳብ ላይ ሲደርስ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ እንዳለቀሰ ይተረካል።

ስሜት ሳይኖር ማንበብና መጸለይ ግብዝነት አይደለምን የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አስጨንቆኛል። ይህ ጥያቄ ሜቶዲስቶችን ገና ከጅምሩ ከፋፍሏቸው እንደ ነበር ሳውቅ ቀለል አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1740 በለንደን ከጆን ዌስሊ ጋር ይሰበሰቡ ከነበሩት አንዳንዶቹ፣ እውነተኛ እምነት የሌለው ሰው እስኪሰጠው ድረስ ጸጥ ብሎ ይጠብቅ፤ መጽሐፍ አያንብብ፣ ወደ ጌታ እራትም አይቅረብ ይሉ ነበር። ዌስሊ በዚህ አልተስማማም፤ ከእነርሱም ተለየ። ጸሎት፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን መመርመርና የጌታ እራት እርሱ የጸጋ መንገዶች የሚላቸው ናቸው፤ ጸጋን የሚጠብቅ ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ ሳይሆን በመንገዱ ላይ እየሄደ ይጠብቅ ባይ ነበር። እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1738 ማታ በለንደን ወደ ነበረው ስብሰባ የሄደው ሳይፈልግ፣ እግሩን እየጎተተ እንደ ነበር በዕለት ማስታወሻው ጽፏል፤ ልቡ እንግዳ በሆነ ሁኔታ የሞቀውም እዚያ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ከጥልቅ የሚጮኸውን መዝሙር 130ን ሲዘመር ሰምቶ ነበር። እርሱም እንደ እኔ ያልመረጠው ንባብ ነው።

ስለ ሰሌዳው ይህን ያህል ካመሰገንሁ ቅሬታዬንም ልናገር። ሰሌዳው አንዳንድ ጊዜ ስለ እኛ ያፍራል። በመጀመሪያው ዓመት መዝሙር 139 የሚነበብበት አንድ እሑድ አለ፤ ከቁጥር 1 እስከ 12 ይነበብና ወደ 23 ይዘለላል፤ በመካከል ያሉት ኃጢአተኞች እንዲገደሉ የሚለምኑትና ስለ ጥላቻ የሚናገሩት ቁጥሮች ይቀራሉ። ዌስሊም በዚህ አይወቀስም ማለት አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ1784 ለአሜሪካ ሜቶዲስቶች ባዘጋጀው የአምልኮ መጽሐፍ ለክርስቲያን ጉባኤ አፍ አይገቡም ያላቸውን መዝሙሮች አስቀርቷል። እኔ ግን የተዘለለውን ሁልጊዜ አነብባለሁ፤ «አቤቱ፥ መርምረኝ» የሚለው ልመና ጥላቻውን ከተናገረው ከዚያው አፍ ሲወጣ ክብደቱ ሌላ ነውና።

ከዚህ የባሰው ግን ርእሱ ነው። አራቱን ንባቦች በአንድ ቃል ሲጠቀልሉአቸው ርእሱን የማይመጥነው ሁሉ ይቆረጣል። ያን የጥቅምት ሳምንት ሐሙስ ውይይቱን የምመራው እኔ ነበርሁ፤ በደብተሬ አናት ላይ «መጽናት» ብዬ በትልቁ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለቴ አስምሬበት ነበር። ወንጌሉን ሳነብብ፣ እግዚአብሔር ለምርጦቹ ፈጥኖ ይፈርድላቸዋል ከሚለው ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁ፤ ለርእሴ ከዚያ የተሻለ ማብቂያ አልነበረም። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት እናት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ጥያቄውን ለምን ተውኸው?» አሉኝ።

«የቱን ጥያቄ፣ እማማ?»

ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያንሸራተቱ ራሳቸው አነበቡት፤ «ነገር ግን የሰው ልጅ በመጣ ጊዜ በምድር እምነትን ያገኝ ይሆንን?»

መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። እኔም ስለ መጽናት ያዘጋጀሁትን ትቼ፣ ነፍሴ በዚያ ሳምንት እንዴት እንደ ሰነበተች ተናገርሁ፤ ከዚያም በፊት በዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ያዕቆብም በረከቱን የተቀበለው እያነከሰ እንደ ነበር አንዱ አነሣ፤ ጥቂት ቆይተን ጸልየን ተለያየን።

የሚቀጥለው እሑድ ወንጌል ከዚያው ከሉቃስ 18 ይቀጥላል። ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ይወጣሉ፤ አንዱ ስለ ራሱ ብዙ የሚናገረው አለው፤ ቀራጩ ግን በሩቅ ቆሞ ዐይኖቹን ወደ ሰማይ ሊያነሣ እንኳ አልወደደም። ሰኞ ማታ ደብተሬን ከፍቼ ቀኑንና አራቱን ንባቦች ጻፍሁ፤ የርእሱን ቦታ ባዶ ተውሁት።