ከዋሽንግተን እስከ አዘዞ በነጥብ

ከዋሽንግተን ደለስ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ በሚፈጅ በረራ፣ ወገቡ ደህና የሆነ ወጣት የትም ተቀምጦ ይደርሳል። እኔ ወጣትነቱን ከተሰናበትኩ ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ ጥምቀትን ጎንደር ልዋል ብዬ ስነሣ አስቀድሜ የቆረጥኩት ተኝቼ እንደምሄድ ነበር። ተኝቶ መሄድ ማለት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ፣ እነሱ ክላውድ ናይን የሚሉት ነው። ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ ያየ ሰው ግን የወገቡን ሕመም ወዲያው ይረሳዋል።

እኛ ሰፈር ቡና ሲፈላ በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው የአየር መንገዱን ማይል፣ ማለትም አየር መንገድ ለደንበኛው በበረራው የሚሰጠውንና በኋላ በትኬት የሚለወጠውን ነጥብ፣ የሚያጠራቅመው ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም የሆነውን የሼባ ማይልስ ቁጥሩን እንደ ክርስትና ስሙ በቃሉ ያውቀዋል። ሌላው በክሬዲት ካርድ አስቤዛውንም ነዳጁንም እየገዛ የባንክ ነጥብ የሚሰበስበው ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ምክንያቱም ቀላል ነው። በርካሽ ትኬት የሚበር ሰው የሚያገኘው ማይል ከተጓዘው ርቀት ክፍልፋዩን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስንት እንደሆነ የምትወስነው ትኬቱ ላይ ያለችው የዋጋ መደብ ፊደል ናት። በዓመት አንዴ አገር ቤት የሚመላለስ ሰው በዚህ አካሄድ ለአንድ የቢዝነስ ክላስ መቀመጫ የሚበቃ ማይል እስኪሞላለት ልጆቹ ተድረው ይወጣሉ።

የአሜሪካን ኤክስፕረስ፣ የቼዝ ወይም የካፒታል ዋን ነጥብ ግን ገና አየር መንገድ አልመረጠም። ባለቤቱ ሲፈልግ ካርዱ ከተዋዋላቸው የማይል ፕሮግራሞች ወደ አንዱ ያሻግረዋል። እኔ ከያዝኳቸው ካርዶች ወደ ሼባ ማይልስ የሚያሻግር የለም፤ ቢሆንም ዙሪያ ጥምጥም መንገድ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ፣ በኤር ካናዳ ወይም በዩናይትድ ማይል የኢትዮጵያን መቀመጫ መያዝ ይቻላል። አንዱን አየር መንገድ የምከፍለው በሌላው አየር መንገድ ማይል መሆኑ መጀመሪያ ሲነግሩኝ ማጭበርበር መስሎኝ ነበር፤ ሕጋዊ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ነጥብ አንዴ ወደ አየር መንገድ ከተሻገረ ወደ ባንኩ አይመለስም። ስለዚህ መቀመጫው መኖሩን በዓይን ሳያዩ ማሻገር አያስፈልግም። መፈለጉ ገንዘብ አያስወጣም፤ እኔም ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ፈለግሁ። የገና ሰሞን አንድም መቀመጫ የለም። ገና አልፎ በሳምንቱ መሐል አንድ ረቡዕ ላይ አንድ መቀመጫ ብቅ አለች፤ ያኔ ነጥቡን ወደ ኤር ካናዳ ፕሮግራም አሻገርኩ። ያን ፕሮግራም የመረጥኩት በሁለት ነገር ነው። ከ2020 ወዲህ በእንዲህ ዓይነት ትኬት ላይ የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ አይጭንም፤ ይህን የሚጭኑ ሌሎች ፕሮግራሞች «ነጻ» የተባለውን ትኬት በመቶዎች ዶላር ያስከፍላሉ። ደግሞም ዋጋውን የሚተምነው በርቀት እርከን በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር ያለውን በረራ ስጨምርበት እርከኑ ያው ሆኖ አንድ ነጥብ እንኳ አልጨመረም።

ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ቢመስልም ለጎንደር ሰው ትልቅ ነው። ለብቻው የተገዛ የአገር ውስጥ ትኬት የሚፈቅደው ሻንጣ ትንሽ ነው፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ደግሞ ለዘመድ የሚይዘውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ትኬቱ አንድ ከሆነ የሻንጣው መብት እስከ መጨረሻው ይዘልቃል፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይም ቀጣዩን የማስያዙ ጭንቀት የአየር መንገዱ ነው።

ስለ በረራው ብዙ አላወራም። ኤርባስ 350 ነበር፤ ወንበሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተደረደሩ ስለሆነ በመስኮት በኩል ያለ ሰው ሌሊት ሲነሣ የጎረቤቱን እግር መሻገር ግድ ይለዋል። ወንበሩ ይዘረጋል፣ እንጀራ በወጥ ይቀርባል፣ ተኛሁ። ቦሌ ላይ ያ ሁሉ ምቾት አለቀና ሁለት ፕሮፔለር ባላት ኪው 400 አውሮፕላን ጠባብ ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን ካጣፉ አንዲት እናት ጎን ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ለዚች ሰዓት ማይል የሚያባክን ሰው አይገባኝም።

አውሮፕላኗ የምታርፈው ከከተማው ወጣ ብሎ አዘዞ ላይ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ስም በተሰየመው ማረፊያ ነው። አጎቴ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ጋሼ ዕድሜያቸውን ቅዳሜ ገበያ እህል ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ዋጋ ገቡ።

«ስንት አወጣህ?»

«ግብሩን ብቻ ነው የከፈልኩት ጋሼ፤ ሌላው በነጥብ ነው።»

«ነጥቡን ማን ሰጠህ?»

«ባንኩ። በካርዱ ዕቃ ስገዛ ይሰጠኛል።»

«ባንክ ከማን ወስዶ ነው ለአንተ የሚሰጥ?»

ይህን ጥያቄ በእኛ ሰፈር ቡና ላይ ማንም ጠይቆ አያውቅም። እውነቱን ነገርኳቸው። ሱቁ ለእያንዳንዱ የካርድ ግዢ ኮሚሽን ይከፍላል፤ ዕዳውን በወሩ አጠናቆ የማይከፍል ሰው ደግሞ በዓመት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ የሚበልጥ ወለድ ይገፋል።

«እንግዲያ ተጭነህ የመጣኸው በዚያ ሰውዬ ጀርባ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ወለድ እየከፈለ ነጥብ የሚሰበስብ ሰው ካለ ግን ካርዱን ዛሬውኑ ያስቀምጥ፤ ትኬቱን በእጥፍ እየገዛው ነው።

ማታ እራት ላይ የማይሉንና የነጥቡን ልዩነት ሳስረዳቸው በራሳቸው ሙያ ተረጎሙት። «ማይል ያልከው ጎተራ የገባ እህል ነው፤ ነቀዝ አለበት። ነጥቡ ብር ነው፤ ብር የያዘ መርጦ ይገዛል። ግን ክረምት መጥቶ እህል ከገበያ ሲጠፋ ብር አይበላም።»

ነቀዙን አውቀዋለሁ። ዩናይትድ በ2019 የማይል ዋጋ ሠንጠረዡን አንሥቶ መቀመጫ በማንኛውም ቀን በፈለገው ዋጋ እንዲሸጥ ሲያደርግ፣ ለዓመታት ያጠራቀሙ ሰዎች ማይላቸው ምን እንደሚገዛ መገመት አቃታቸው። ስለ ክረምቱም ጋሼ ትክክል ነበሩ። አየር መንገዶች ለአጋሮቻቸው አባላት የሚለቁት መቀመጫ ጥቂት ነው፤ ሰው በሚበዛበት ሰሞን ደግሞ ብዙ ጊዜ ለራሳቸው አባላት ብቻ ይቀራል።

ለመመለሻዬ የገጠመኝም ይኸው ነው። በከተራ ታቦታቱን አጅበን ከቀሃ ወንዝ ውሃ ወደ ተሞላው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወረድን፣ በማግስቱ ወጣቶቹ ከግንቡ አጥር ላይ ወደ ውሃው ሲዘሉ አየን፣ በቃና ዘገሊላ ሚካኤልን ሸኘን። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የከተማው ሆቴሎች ከውጭ በመጡ ሰዎች እንደተሞሉ ነበሩ፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት መመለስ ይፈልጋል። በአጋር ማይል አንድም መቀመጫ አልነበረም። ከድሮ ጉዞዎች የተጠራቀመ፣ የማብቂያ ቀኑ የቀረበ የሼባ ማይል ነበረኝ፤ ክላውድ ናይን የገባሁት በእሱ ነው።

እንዲያውም ለአንድ መንገድ ብቻ የሚበቃ ያለው ሰው ለመልሱ ያውለው እላለሁ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ለዋሽንግተን የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ጭኖ መነሣት ያስቸግራል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ከመምጫው በብዙ ይረዝማል፣ የሚነሣውም ማታ ነው። አልጋ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የማይል መቀመጫ ለሽያጭ የሚከፈተው ከበረራው ወደ አሥራ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ለከርሞ ጥምቀት ማለት ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ወይም ገብቶ ሳለ ነው፤ በኅዳር የሚፈልግ ሰው የተረፈውን ይለቅማል። እኔም የካቲት ላይ እጀምራለሁ፤ ባለቤቴ ከርሞ እንደማልተዋት ስለነገረችኝ የምፈልገው ሁለት መቀመጫ ጎን ለጎን ነው፣ እሱ ደግሞ ከአንዱ ይልቅ እጅግ ብርቅ ነው።