ልጄን ለልብ ኢኮ ያዘጋጀሁበት መንገድ

የሕፃናት ሐኪሙ የአራት ዓመት ልጄን ደረት ደጋግሞ ካዳመጠ በኋላ «ተጨማሪ ድምፅ ይሰማኛል፤ የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ መሠራት አለባት» አለኝ። ውጤቱን መፍራቴ አልቀረም። ቤት ስገባ ግን ከዚያ በፊት መፈታት ያለበት ሌላ ነገር ታየኝ፤ ልጄ ሐኪም ቤት ሲባል የሚታያት መርፌ ነው። «ካልበላሽ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሻል» የማይባል ልጅ በሰፈራችን የለም። በዚህ ማስፈራሪያ ያደገች ልጅ ጨለም ባለ ክፍል ደረቷን ገልጣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ዝም ብላ እንድትተኛ እንዴት ይጠበቃል? ስለዚህ መጀመሪያ ያነጋገርኩት ልጄን ሳይሆን አያቷንና ሞግዚቷን ነው። ከዚህ በኋላ መርፌ ማስፈራሪያ እንዳይሆን ተስማማን።

ከዚያ ምርመራው የሚሠራበት ቦታ ደውዬ ማስተኛ መድኃኒት ይሰጣት እንደሆነ ጠየቅኩ። ማስተኛ የሚሰጠው ልጅ ከምግብ ታቅቦ መቆየት አለበት፤ ያለ ማስተኛ የሚሠራው የተለመደው ኢኮ ግን ጾም አይፈልግም። እንደማያስፈልጋት ሲነግሩኝ ነው «የዛሬው መርፌ የለውም» ለማለት የደፈርኩት። «ምንም አይሰማሽም» ግን አላልኳትም፤ እውነት አይደለማ! ደረቷ ላይ የሚቀባው ጄል (ፈሳሽ ቅባት) ይቀዘቅዛል። ደረቷ ላይ እየተንሸራተተ ልቧን የሚያሳየው መሣሪያ ከጎድን አጥንቶቿ ሥርና ከጉሮሮዋ በታች ሲደርስ ጫን ይላል፤ አያምም፣ ግን ደስም አይልም። ይህንኑ እንዳለ ነገርኳት። ልጅ አስቀድሞ የሰማው ነገር ሲደርስ እናቱን ይበልጥ ያምናል።

ከሁሉም የጠቀመን ጨዋታው ነው። አሻንጉሊቷን በግራ ጎን አስተኝተን፣ ደረቷን ቫዝሊን ቀብተን፣ በማንኪያ ጀርባ ልቧን «ፎቶ አነሳን»። ቀጥሎ እኔ ታማሚ ሆንኩ፣ እሷ ሐኪም። «አትንቀሳቀሺ፣ ፎቶው ይበላሻል!» ስትለኝ ነገሩ እንደገባት አወቅሁ። ልጅ ሲያለቅስና ሲወራጭ ምስሉ በእርግጥም ይበላሻል፤ የልብ ምቱም ስለሚፈጥን መለካቱ ይከብዳል።

በዕለቱ ቀሚስ አላለበስኳትም፤ ሱሪና ከፊት በአዝራር የሚከፈት ሸሚዝ ይሻላል። የአንገቷን ማተብ ወደ ጀርባ አዞርኩላት። ጄሉን የምጠርግበት ለስላሳ ፎጣና ስልኬ ላይ አስቀድሜ ያወረድኩት የምትወደው ፊልም አልተለየኝም፤ ኔትወርክ አይታመንም። ሽቦ ያላቸውን ተለጣፊዎች ደረቷ ላይ ሲለጥፉ አልደነገጠችም። «ሹው ሹው» የሚለው ድምፅ ሲመጣ ግን እጄን ያዘች። ደሟ ሲያልፍ መሣሪያው የሚያሰማው ድምፅ እንደሆነ ስነግራት ጸጥ ብላ ማዳመጥ ጀመረች።

ለወላጅ ደግሞ ይህን እላለሁ፦ ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ስታዩ አትደንግጡ። ቀለሙ የደሙን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው፤ ወደ መሣሪያው የሚመጣው ቀይ፣ የሚርቀው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ባለሙያው ዝም ብሎ ደጋግሞ ሲለካም መጥፎ ነገር አገኘ ማለት አይደለም፤ ልኬቱ ብዙ ነው። ፊታችን ሲጠቁር ልጁ ወዲያው ያነበዋል።

በታችኛዎቹ የልቧ ክፍሎች መካከል ትንሽ ቀዳዳ ተገኘ። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ በራሳቸው እንደሚዘጉ ሐኪሙ አስረድቶን ለክትትል ቀጠሮ ሰጠን። የውጤቱን ወረቀት ኮፒ አድርጌ አስቀምጫለሁ፤ በሚቀጥለው ኢኮ የቀዳዳው ስፋት የሚነጻጸረው እዚያ ላይ ከተጻፈው ልክ ጋር ነው።