ቁጥር 41

ዛሬ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን እንዳለ ዋጣት። እንዲህ ያለ ቀን ሆድ ያባባል። ከብርድ ልብስ ሳልወጣ መዋል ነበር ያማረኝ፣ ግን እማ ቡና አፍልታ ስትጣራ እምቢ አይባልም።

የአክስቴ ልጅ መጥቷል። በ2014 ጥቅምት ከተማዋን ጥለን ስንወጣ ታኬታ ካልተገዛልኝ ብሎ አክስቴን የሚያዞር ልጅ ነበር። ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ብዙም አያወራ። በር ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች የኔን አነሳ። ሶሉን አጠፍ አድርጎ አየው፣ ተረከዙን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

"ቁጥሩ ስንት ነው?"

"41።"

መልሶ አስቀመጠው። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ግን የጀርመናዊው ደራሲ የሬማርክ መጽሐፍ ውስጥ ገባሁ። ያ በ1929 እንደ ፈረንጆቹ የታተመው፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ልብ ወለዱ። መምህራቸው ሰብኮ ሰብኮ ያዘመታቸው የአንድ ክፍል ልጆች ናቸው። ኬመሪክ እግሩ ተቆርጦ ተኝቷል። ሊጠይቀው የመጣው ሙለር ዓይኑ ያረፈው ቦቲው ላይ ነው፤ ለስላሳ ቢጫ ቆዳ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። መጀመሪያ ሳነበው ሙለርን ረግሜዋለሁ። ተራኪው ፓውል ግን አይፈርድበትም። ቦቲው ለኬመሪክ የሚጠቅመው ቢሆን ኖሮ ሙለር በባዶ እግሩ እሾሃማ ሽቦ ላይ ይሄዳት ነበር ይላል። አሁን የሚጠቅመው ለሙለር ነው። ኬመሪክ ሲሞት ቦቲው ለሙለር፣ ሙለር ሲሞት ለፓውል። ፓውል ደግሞ ከኔ በኋላ ያንተ ነው ብሎ ለሌላው ቃል ገብቷል።

ሰው ሁሉ የነዚህ ልጆች ልጅነት ያለቀው ሲገድሉ ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። ፓውል ጉድጓድ ውስጥ በጩቤ የወጋውን ፈረንሳዊ ይቅርታ ይለምነዋል፣ ለሚስቱ እጽፍላታለሁ ይላል፣ ሊያብድ ይደርሳል። እዚያ ገና ልጅ ነው። ቦቲው ጋ ግን ማንም አያለቅስም። ሒሳብ ነው፣ ቁጥር ነው፣ ይሆነኛል ወይስ አይሆነኝም ነው።

"አንተ ልጅ፣ ስኒህ በረዶ ሆነ እኮ!"

ለካ ቶናው አልፎ በረካ ደርሷል። ልጁም ሄዷል። ለጀርመን ልብ ወለድ እንቅልፍ ያጣሁት ሰውዬ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ አንዲት ነገር አልጠየቅኩትም። አብሽር እንኳ አላልኩት። አንባቢ ነኝ እያልኩ እጎርራለሁ ደግሞ!

ነገ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ። ምን ብዬ ልጀምር ግን? ያንተስ ቁጥር ስንት ነው ልበለው?