መጠይቆቻችን የሚያድሩባቸው ሠንጠረዦች

የድሬዳዋ የቀትር ሙቀት ከቤት በማያስወጣባቸው ሰዓታት፣ ከዚራ ሰፈር ባለችው ክፍሌ ተቀምጬ፣ ኪውኤምኤፍ የተባለው የአይቢኤም የመጠይቅ (ከዳታቤዝ መረጃ ለማውጣት የሚጻፍ ትእዛዝ) ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የራሱን የመቆጣጠሪያ መረጃ የት እንደሚያኖር ሳጠና ሰነበትሁ። መልሱ አስደስቶኛል፤ የሚያኖረው በተለየ ስውር ፋይል ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም መረጃ የአይቢኤም ዳታቤዝ በሆነው በዲቢ2 ሠንጠረዦች ውስጥ ነው። መረጃን በሠንጠረዥ የሚያደራጀውን የዳታቤዝ ሞዴል ያመነጨው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1985 ካወጣቸው ደንቦች አንዱም የዳታቤዙ መግለጫ እንደ ተራው መረጃ ተቀምጦ፣ ተራው መረጃ በሚጠየቅበት ቋንቋ እንዲጠየቅ ያዝዛል።

አንድ መጠይቅ ሲቀመጥ ለሦስት ሠንጠረዦች ይከፋፈላል። ማውጫው፣ ማለትም ኦብጀክት ዳይሬክተሪ፣ የባለቤቱን ስም፣ የመጠይቁን ስምና ዓይነት፣ እንዲሁም ለሌሎች ዝግ መሆን አለመሆኑን ይመዘግባል፤ ኦብጀክት ሪማርክስ ማስታወሻውን፣ ኦብጀክት ዳታ ደግሞ ጽሑፉን ራሱን ይይዛል፤ ጽሑፉ ረጅም ከሆነም በተራ ቁጥር ወደ ብዙ ረድፎች ይከፈላል። ሦስቱን የሚያስተሳስሯቸው ባለቤት፣ ስምና ዓይነት ናቸው። የተጠቃሚዎች ምርጫ፣ ለምሳሌ ቋንቋና የማተሚያ ገጽ ስፋት፣ ፕሮፋይልስ በተባለ ሌላ ሠንጠረዥ ይቀመጣል።

ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባዬ በተመሳሳይ አሠራር በተገነባ ሥርዓት ላይ ከማውጫው አንድ ረድፍ በእጁ ሰርዞ ነበር፤ ጽሑፉ በሌላው ሠንጠረዥ ሳለ መጠይቁ ግን ከዝርዝሩ ጠፋ፣ ፈልገን ለማግኘትም ግማሽ ቀን ፈጀብን። ስለዚህ መሰረዝ ያለበት በሶፍትዌሩ በራሱ ትእዛዝ ነው እላለሁ፤ መጠባበቂያ ቅጂ ሲወሰድም ሦስቱ ሠንጠረዦች በአንድ ጊዜ አብረው ይገልበጡ።