ውሻው አሥር ቀን ይቆይ

መስከረም 18፣ ደሴ

ዛሬ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። ቀኑ የተመረጠው የበሽታውን የመጀመሪያ ክትባት የሠራው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1895 (እ.ኤ.አ.) ያረፈበት ዕለት ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ የሚውለው በመስቀል ማግስት ነው፤ ለደሴም ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝላትም። ትምህርት ገና ተጀምሯል። የቅርጫው አጥንትና ሆድ ዕቃ በየቦዩ ተጥሏል፤ ውሾቹም እዚያው ተሰብስበዋል። ጠዋት ጉም ከጦሳ ሲወርድ ልጅና ውሻ በአንድ ቀጭን ቁልቁለት ላይ ይገናኛሉ።

ስለ ውሻ ንክሻ ባሰብኩ ቁጥር ከጥርሱ በላይ የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው። ልጁ ይደብቃል፤ «ድንጋይ ወርውረህ ነው» ተብሎ መገረፉን ይፈራልና። ባለቤቱም ካሳና ጠብ ፈርቶ ይደብቃል። ሰፈሩ ደግሞ ተናዶ ውሻውን በዱላ ይገድልና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ያለው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ነው፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴም ዓመት ይሆናል። ሕይወት የሚተርፈው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው፣ ክፍተቱን የሚበላው ደግሞ ዝምታ ነው። ስለዚህ ልጅ «ውሻ ነከሰኝ» ሲል ከአባቱም ከእናቱም የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «እንኳን ነገርከኝ» መሆን አለበት። ድንጋዩን መወርወሩ ሌላ ቀን ይወራል።

ከዚያ ወዲያው ወደ ቧንቧ። ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል። ሰው አንድ ደቂቃ አጥቦ አሥራ አምስት የሆነ ይመስለዋልና ስልክ ላይ ሰዓት መያዝ ይሻላል። ቧንቧ ከሌለ አንዱ በጆግ እያፈሰሰ ሌላው ያጥባል። የልብስም የገላም ሳሙና ይሆናል፤ ሳሙና የቫይረሱን ሽፋን ስለሚያፈርስ ይህ እጥበት ራሱ ሕክምና ነው። ቡና መነስነስ፣ በርበሬ ወይም ቅጠል መለጠፍ፣ ቁስሉን አጥብቆ ማሰር አያስፈልግም፤ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይዘጋዋል። ቁስሉ ሰፊ ካልሆነና ደም አልቆም ካላለ በቀር ስፌትም ይዘገያል። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ማንም አይከለክልም፤ ጤና ጣቢያው ግን በዚያው ቀን ይቅደም። ጭረትም ቢሆን፣ የተላጠ ቆዳ ላይ ወይም አፍና ዓይን ላይ ምራቅ ቢያርፍም ለሐኪም ይነገራል። ንክሻው ፊት፣ አንገት ወይም ጣት ላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅም። ፊትና አንገት ለአንጎል ይቀርባሉ፣ ጣት በነርቭ የተሞላ ነው። ትንሽ ልጅ ቁመቱ ከውሻው አፍ ትይዩ ስለሆነ የሚነከሰውም በአብዛኛው እዚያው ነው።

አሁን ወደ ውሻው። የነከሰን ውሻ በዚያው ቀን መግደል የደነገጠ ሰፈር የሚሠራው ስህተት ነው፤ ባይገርመኝም ያሳዝነኛል። የታመመ ውሻ በምራቁ ቫይረስ መልቀቅ ከጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይታመማል፣ ይሞታልም። ስለዚህ የነከሰው ውሻ ታስሮ፣ እየበላና እየጠጣ፣ በእንስሳት ሐኪም ክትትል 10 ቀን ይጠበቃል። አሥሩን ቀን ጤናማ ሆኖ ከጨረሰ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ለልጁ የጀመረውን ክትባት ሊያቆም ይችላል። የተገደለ ውሻ ይህን አይነግርም። ጭንቅላቱ በድንጋይ ከተፈጠፈጠማ ላቦራቶሪ የሚመረምረው አንጎሉ ነውና የመጨረሻው ማስረጃም ይጠፋል። ይህን ስል ልጁ አሥር ቀን ይጠብቅ ማለቴ አይደለም። ክትባቱ በመጀመሪያው ቀን ይጀመራል፣ ውሻው ደግሞ ጎን ለጎን ይጠበቃል።

በእነዚያ ቀናት ምን ይታያል? ብዙ ሰው የሚጠብቀው አረፋ እየደፈቀ የሚሮጥ ውሻ ነው። እንዲህ ያለው አለ፤ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፣ ጩኸቱ ይጎረንናል፣ ከቤቱ ጠፍቶ ይሄዳል። ዝምተኛው ግን ይበልጥ ያታልላል። ጥግ ይዞ ይተኛል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሀጩ ይንጠባጠባል። ባለቤቱም «አጥንት አነቀው» ብሎ እጁን እስከ ጉሮሮው ይሰዳል። መንጋጋው የወደቀ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ አይገባም፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠራል። ውሃ አቅርቦ መፈተንም አይሠራም፤ ውሃ መፍራት የሰው ምልክት ነው፣ የታመመ ውሻ ውሃ ሲጠጣ ሊታይ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚቀለው ውሻው ቀድሞ ከተከተበ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ። የመጀመሪያው መርፌ ኃይሉን የሚይዘው ወደ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ስለሆነ ትናንት የተከተበ ቡችላ ዛሬ ተጠብቋል አይባልም። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተያዘ ይበላሻልና ከክሊኒክ ውጭ በኪስ ዞሮ የመጣ ብልቃጥ አይታመንም። ካርዱ ደግሞ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ በተፈለገ ቀን የሚጠፋ እሱ ነው።

ስለ ማሰር ጥቂት ልበል፤ ብዙው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። «ቀን ታስሮ የዋለ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል» ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ግን ለሌባው ብቻ ኃይለኛ አይሆንም። በአጭር ሰንሰለት ጨለማ ውስጥ የዋለ ውሻ መሸሽ ስለማይችል የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል፣ ኳሱን ሊያነሳ የገባውን የአምስት ዓመት ልጅ ጨምሮ። ግቢው ውስጥ ተከራዮች ካሉ ነገሩ ይብሳል፤ ቧንቧውና ሽንት ቤቱ የጋራ ነውና። የሚሻለው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠንካራ ሽቦ ወጥሮ ቀለበት ማስገባት፣ ሁለት ሜትር ያህል ሰንሰለትም ከቀለበቱ ማያያዝ ነው። ውሻው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ግን ሽቦው ላይ ማቆሚያ ስለሚታሰር ከቧንቧውና ከበሩ መንገድ አይደርስም። የሚደርስበት ርቀት ሲለካ ሰንሰለቱ ላይ የውሻው ቁመትና የተዘረጋ እግሩ ይደመርበታል፣ ከዚያም አንድ ሜትር ይተርፍ። ብዙ ሰው ሰንሰለቱን ብቻ ለክቶ ይሳሳታል። ሰንሰለቱ መሐል የሚሽከረከር መገጣጠሚያ ከሌለው ይጠማዘዝና ያንቀዋል። የደሴ እርጥበት መንጠቆውን ቶሎ ያዝገዋል፣ የዛገ መንጠቆ ደግሞ የሚከፈተው ውሻው በኃይል በተወረወረባት ቅጽበት ነው፤ በየወሩ በእጅ ስቦ መሞከር ያስፈልጋል። የአንገቱ ማሰሪያ ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ። ሰፊ ከሆነ ወደ ኋላ ጎትቶ ይወልቅለታል፤ ቡችላ ላይ ታስሮ ከተረሳ ደግሞ ሥጋው ውስጥ ይቀበራል። የቆርቆሮ በሩ ሥር ያለው ክፍተትም ከመዳፍ ስፋት አይብለጥ። «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ጽሑፍ ፊደል ላልቆጠረ ልጅ ምንም አይነግረውም።

ማታ ውሻን መንገድ ላይ መልቀቅ የቆየ ልማድ ነው። ጅብ አለ፣ ሌባ አለ፣ ይገባኛል። ግን በሱብሒ አዛን ወደ መስጊድ፣ በኪዳን ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰው አለ፤ ጠዋት 1:00 ላይ ደግሞ ልጆቹ። ግቢው ውስጥ ይለቀቅ፣ በሩም ይዘጋ። ሴት ውሻ ወንድ በምትፈልግበት ወቅት፣ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ከኋላዋ የሚግተለተሉት ወንዶች እርስ በርስ ሲናከሱ መሐል የገባ ልጅ ይጎዳል፤ በእነዚያ ሳምንታት እሷን ውስጥ ማቆየት፣ ከተቻለም በሐኪም ማስኮላሸት ነው። ባለቤት የለውም የሚባለውን ውሻ በተመለከተ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» እንላለን። እንግዲያው ትራፊ በየቀኑ የሚሰጠው ቤት ለክትባቱም ያስብለት።

የበዓሉ ሆድ ዕቃ ነገር የተለየ ነው፤ በመስቀልም በአረፋም ያው ነው። የበግ ወይም የከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ሲታይ «ለውሻው» ተብሎ ይጣላል። ከረጢቱ የትል እጭ የያዘ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በጸጉሩ ላይ ይቀራል፤ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ የሚገምጠው ልጅ ይውጠዋል። ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት ልጁ ጉበት ላይ ያድጋል። እንዲህ ያለው ሳንባና ጉበት ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ጤናማ የሚመስለውም ለውሻ ሲሰጥ ቢያንስ 40 ደቂቃ ይቀቀል። ውሻውም በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይውሰድ፤ መጠኑ በክብደቱ ነው፣ የእንስሳት ሐኪም ይንገር።

ልጆቹን የሚነገራቸው ትንሽ ነው፤ ግን በቃል ብቻ አይገባቸውም፣ ግቢ ውስጥ እየተጫወቱ መለማመድ አለባቸው። የሚበላ፣ የተኛ፣ ቡችላ ያላት ውሻ አይነካም። ውሻ ሲመጣ አይሮጥም፤ በደሴ ቁልቁለት ይህ ከባድ ነው፣ እግር ራሱ ይሮጣልና ቁልቁል ሲወርዱ ቀድመው ዝግ ማለት ይልመዱ። ቀጥ ብሎ መቆም፣ እጅን ከጎን ማጣበቅ፣ ዓይኑን ሳይሆን መሬት ማየት፣ ሲርቅ በቀስታ ወደ ኋላ መሄድ። ከጣለህ እንደ ኳስ ተጠቅልለህ እጆችህን ማጅራትህ ላይ አቆላልፍ፣ በክንድህ ጆሮህን ሸፍን። ደብተር የያዘ ቦርሳም በውሻና በልጅ መሐል ጥሩ ጋሻ ነው።

ካሳውን ፈርቶ ለሚደብቀው ባለቤት፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳው ባልታሰበ ሁኔታ ቢያመልጥም ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ መደበቁ አያድነውም።

የግድግዳውን ካላንደር እያየሁ ነው። ዛሬ መርፌ ለሚጀምር ልጅ የሚከበቡት ቀናት መስከረም 18፣ መስከረም 21፣ መስከረም 25 እና ጥቅምት 2 ናቸው፤ ሐኪሙ በ28ኛው ቀን አምስተኛ ካዘዘ ጥቅምት 16 ይጨመራል። የውሻው አሥረኛ ቀን መስከረም 28 ነው፤ እሱ በሌላ ቀለም ይከበብ።