መብራቱ ሲመታ ውሃውም ይሄዳል፦ ሱዳን ላላችሁ ወገኖች

ካርቱምና ኦምዱርማን ያለ ሐበሻ መብራት ሲጠፋ ቶሎ የሚጨነቀው ለስልኩ ቻርጅ ነው። መጀመሪያ ጀሪካን መሙላት ነበረበት። የቧንቧ ውሃ ከአባይ የሚሳበው በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ ኃይል ሲቋረጥ ፋታ የሚሰጠው ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ብቻ ነው። በፈረንጆች ግንቦት 2025 ኦምዱርማን ያሉ የኃይል ጣቢያዎች በድሮን ሲመቱ የውሃ ማጣሪያዎቹም ቆሙ፤ ሰው ያገኘውን ውሃ ሲጠጣ ኮሌራው ባሰ።

"ነገ ይመጣል" የሚለውን ወሬ ከማመን በፊት የተመታው ምን እንደሆነ አጣሩ። ሽቦ ወይም ምሰሶ ከሆነ በቀናት ሊጠገን ይችላል። ትራንስፎርመር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። 1,250 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሜሮዌ ግድብ ተርባይኖች ኮንክሪት ውስጥ ናቸው፣ ትንሽ ድሮን አይደፍራቸውም፤ ትራንስፎርመሮቹ ግን ሜዳ ላይ ተጋልጠዋል። ውስጣቸው ዘይት ነው። ፍንጣሪ ከበሳቸው ዘይቱ ይፈሳል፣ ከተቀጣጠለም የመዳብ ጥቅልሉን ይዞ ይነዳል። ትልቁ ዓይነት በትዕዛዝ ብቻ ስለሚሠራ ሰላም ባለበት አገር እንኳ ከዓመት በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። በጥር 2025 ሜሮዌ ሲመታ ሰሜን ሱዳን የጨለመው ግድቡ ፈርሶ አይደለም፤ ውሃው እዚያው ነበር፣ የሚያስተላልፍ ጠፋ እንጂ።

የወንዝ ውሃ ለመጠጣት ከተገደዳችሁ ደለሉ እስኪዘቅጥ በባልዲ አስቀምጡት፣ ላይኛውን ቀስ አድርጋችሁ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ። ከዚያ ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ለ1 ሊትር 2 ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ (2 ሚሊ ሊትር ገደማ) ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ከሌለው አንዴ ድገሙት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድፍርሱ ላይ በረኪና በመጨመር ነው፤ ክሎሪኑ ጭቃው ላይ ያልቅና ጀርሙ ይተርፋል። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪናም ኃይሉ ደክሟል።

ገንዘብን በባንካክ (የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ) ብቻ መያዝ አደገኛ ነው። በየካቲት 2024 የሱዳን ዋና ዋና የስልክ ኔትወርኮች ሲዘጉ ሒሳቡ ሙሉ የሆነ ሰው ዳቦ መግዛት አልቻለም። የሳምንት ወጪ የሚሆን ዝርዝር ገንዘብ በእጅ ይኑራችሁ። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ የ500ና የ1,000 ጊኔ (የሱዳን ፓውንድ) ኖት ስለተቀየረ በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል (አርኤስኤፍ) አካባቢ የሚያልፈው ኖት አንድ አይደለም፤ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

ወደ መተማ የምትወጡ ደግሞ ከመንገዱ በፊት ስለ ድልድዩ ጠይቁ። ኦምዱርማንን ከባህሪ (ሰሜን ካርቱም) የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ በኅዳር 2023 ፈረሰ። በታኅሣሥ ወር ዋድ መዳኒ ስትያዝ በሐንቱብ ድልድይ ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው አጭር መንገድም ተዘጋ፤ ሰው በአትባራና በከሰላ መዞር ነበረበት። ዙሪያ ጥምጥም ሲሆን የሚያከራክረው ነዳጅ ነው፣ በተለይ የጃይሊ የነዳጅ ማጣሪያ ከተቃጠለ ወዲህ። ከሹፌሩ ጋር ስትዋዋሉ መንገዱ ቢቀየር ጭማሪውን ማን እንደሚችል አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ግማሹን ሂሳብ ስትሳፈሩ፣ ግማሹን ገላባት (ከመተማ ማዶ ያለችው የሱዳን የድንበር ከተማ) ስትደርሱ ክፈሉ።